በርኖስ የለበሰው ኮምፒውተር

ሰቆጣ፣ ግንቦት አጋማሽ

ይድረስ ለምራቴ፤ ኒሯቅ

እንዴት ከረምሽልኝ? የኒሯቅ ሙቀት እንዴት አድርጎሽ ይሆን? እዚህ ደጋው ላይ ለምደሽ ቆዳሽ ስስ ሆኗል ብዬ እሰጋለሁ። ውኃ ጠጪ፣ ቀትር ላይ አትውጪ። አባትሽን፣ ወንድሞችሽን፣ ያችን አንድ ዓይኗ የጠፋ ፍየላችሁን ሳይቀር ሰላም በይልኝ። የእናትሽ ወገብስ ተሻላት? ስለ ወገቧ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኛ ደህና ነን ብሎ መጻፍ ወግ ነውና ደህና ነን። ወንዳወቅ ይበላል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከእኔ ጋር ግን ከ«እህ» እና ከ«እሺ» የዘለለ ቃል አንለዋወጥም። ልጄ ሲያኮርፍ እንደ አባቱ ነው፤ ድምፁን አያነሳም፣ በር አይወረውርም፣ ዝም ብሎ ጫማውን ይጠርጋል። ሰሞኑን በሰቆጣ እንደሱ የሚያበራ ጫማ ያለው ሰው የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በብዕር እንዳይመስልሽ። በኮምፒውተሩ ነው። አዎ፣ በዚያው በኮምፒውተሩ። ተቀምጬ መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ እስካሁን አልጠፋም።

ሰፈርተኛው ሁሉ ደህና ነው። ጎረቤታችን ለተሥላሴ ልጇን ለአንድ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ዳረች። ልጁ ደህና ልጅ ነው፣ ቁመቱ ግን ከሙሽራዋ ያንሳል። ለተሥላሴ ታዲያ ፎቶ ሲነሱ ሙሽራውን ደረጃ ላይ አቁማ፣ ልጅቷን ታች አድርጋ፣ ማንም እንዳያውቅባት ስትባዝን ዋለች። እኛም እንዳላየ ሆነን አጨበጨብን። የላይ ቤቷ ወለተ ገብርኤል ደግሞ ጥርሷን አስተክላ መጥታ…

ወሬ አበዛሁብሽ። የማበዛው ስለማፍር ነው። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ሐሳቤ ወደሚያሳፍረኝ ነገር ሲጠጋ በሰው ቤት በኩል ዞሬ ነው የምመጣው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

አንቺ ይህንን ኮምፒውተር ይዘሽ ወደ ቤታችን ስትገቢ እንደ ሁለተኛ ምራት ነው የተቀበልኩት። የአገራችሁን ሽማግሌዎች ተረት ሰብስበሽ፣ በቋንቋችሁ በኽምጣና ጽፈሽ፣ ለትምህርት ቤትሽ ልጆች የሚነበብ መጽሐፍ ልታወጪበት ነው ስትይኝ፣ በአፌ ጎበዝ ልጅ አልኩሽ። በልቤ ያሰብኩት ግን ስለ ዕቃው ነበር። እኔ እኮ ዕድሜዬን በአውራጃው ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ የፈጀሁ ሴት ነኝ። በዚያ ዘመን የጽሕፈት መኪናችንን እንደ ልጅ ነበር የምንይዘው። አለቃችን ሥራ ስንጨርስ አንድ በአንድ እየዞሩ ያዩን ነበር። መኪናዋን ሳታለብስ ወደ ቤቷ የሄደች ጸሐፊ፣ ባሏን ራቁቱን መንገድ ላይ ጥላው የሄደች ያህል ነው የምትታማው። አቧራ የገባባት መኪና ፊደሏ ይነክሳል፣ «በ» ስትይ «በ» እና ግማሽ ታወጣለች። ስለዚህ ለእኔ ዕቃ ማክበር ማለት ማልበስ ነው።

የየካቲት ንፋስ ተነሥቶ የሰቆጣን አቧራ በመስኮት ሲያስገባ፣ ያንን ሲፒዩ የምትሉትን ሳጥን ራቁቱን ተቀምጦ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። ሣጥኔን ከፍቼ የነፍሰ ኄሩን የባለቤቴን የቄስ ገብረ አምላክን በርኖስ አወጣሁ። በሞተ ጊዜ ለማንም አልሰጠሁትም ነበር። ግማሹን ቀደድኩና ለሳጥኑ ልብስ ሰፋሁለት። ከፊቱ መብራቷ የምትታይባት ቀዳዳ አበጀሁ፣ ከኋላው በቁልፍ ዘጋሁት፣ ገመዶቹ በቁልፍ ቀዳዳ እንዲወጡ አደረግሁ። ካባ እንደደረበ ሰው አማረበት።

አንቺ ከትምህርት ቤት መጥተሽ ስታይው ሳቅሽ። ወንዳወቅ የማን በርኖስ እንደሆነ ሲነግርሽ ሳቅሽን ዋጥሽና እጄን ስመሽ፣ እማ፣ እንግዲህ አባባም ከእኛ ጋር ሥራ ጀመሩ አልሽኝ። ያችን ቃል እንዴት እንደወደድኳት! ለማኅበረተኛው ሁሉ አወራኋት።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ መጥፋት ጀመረ። ጥቂት እንደሠራሽበት ስክሪኑ ጥቁር ይላል፤ ወዲያው ያችን ዜማውን አሰምቶ ከ«ሀ» ይጀምራል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ ይበላዋል። አንቺ እጅሽን ጭንቅላትሽ ላይ ጭነሽ፣ ኧረ በማርያም ትያለሽ፣ ደግሞ ትጀምሪያለሽ፣ ደግሞ ይጠፋል።

መቼም በሰፈራችን መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም። ወንዳወቅ መብራቱ ነው ብሎ ሶኬት ቀየረ፣ ከጎረቤት ስታቢላይዘር ተዋሰ። ለተሥላሴ መጥታ፣ እንዲህ ያማረ ልብስ አልብሳችሁት ዓይን አይገባበትም ወይ አለች። እኔ ደግሞ የምሠራውን ሳልነግራችሁ ጸበል ረጨሁት። ወንዳወቅ ደርሶ ሲጮህብኝ ትዝ ይልሻል? እማ፣ ኤሌክትሪክ እኮ ነው፣ ልታቃጥዪን ነው ወይ አለኝ። እኔም፣ ከቅዱስ ገብርኤል የመጣ ውኃ ቤት አያቃጥልም ብዬ ተቆጣሁት። እናንተ ጨርቅ ይዛችሁ ስታደርቁ፣ በርኖሱን እንኳ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሲደርቅ መልሼ አለበስኩት። አየሽ፣ ያን ጊዜ ገና ንጹሕ ነበርኩ። ስሕተቴ የሞኝ ስሕተት ነበር።

ቀጥሎ አሳምነው መጣ፤ ያ ፀጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ያቆመው፣ ገበያው ዳር ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው። ሳጥኑን መታ መታ አደረገና፣ ማዘር፣ ይሄ ቫይረስ ነው፣ ከሰው ፍላሽ የተጋባ ነው አለኝ። ያስለዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። በርኖሱን አውልቆ እዚሁ ጥሎት፣ ሳጥኑን ታቅፎ ወደ ሱቁ ሄደ። ፎርማት ላድርገው፣ የውስጡ ግን ይጠፋል ብሎ ሲደውል፣ አንቺ ክፍል ውስጥ ታስተምሪ ስለነበር ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ብቻ ይዳን፣ አድርገው አልኩት። ግማሹ ተረትሽ እንደዚያ ሄደ። አንቺም ስትሰሚ ፊትሽ ነጣና፣ ግድ የለም እማ፣ ረቂቁ በእጅ ጽሑፍ አለ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ አልሽኝ።

አሳምነው ሱቅ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፣ አንዴም አልጠፋም። ድኗል ብሎ ደረቱን ነፍቶ አመጣው። እኔም በደስታ በርኖሱን አለበስኩት። ከሰዓት በኋላ ጠፋ። አሳምነው ደግሞ ተጠርቶ መጥቶ፣ እንግዲህ ቫይረሱ የቤታችሁ ነው ብሎን ሄደ። ይኸው አሁን ስጽፈው ራሴም እስቃለሁ።

ያኔ ነው ተረት አዋቂው አባ ደጅይጥኑ ከዚሁ ኽምጣና ከሚነገርበት ከዝቋላ ለሕክምና መጥተው እኛ ቤት በእንግድነት ያረፉት። እሳቸው ተረት እየነገሩሽ አንቺ እዚያው በኮምፒውተሩ ትጽፊ ነበር። ምግብ ሳቀርብላቸው በኽምጣና አንድ ነገር ጠየቁኝ። እኔም በአማርኛ፣ አልሰማሁም አባቴ፣ እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞረው፣ ይህች ሴት አንገቷን ስታዞር የዝቋላ ሴት ነው የምትመስል አሉሽ። አንቺም ስቀሽ፣ ኧረ አይደለም አባ፣ እሷ የከተማ ሰው ናት አልሻቸው። እኔ ትሪውን ይዤ ወጣሁ።

የነገሩሽ ተረት የዝንጀሮውን ነበር። ዝንጀሮ የአንዲትን አሮጊት ነጠላ ከተሰጣበት ሰርቆ፣ ተከናንቦ፣ ገደል አፋፍ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ሌሎቹ ዝንጀሮዎች የሆነ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው ይሰግዱለታል። እሱም ደስ አለው። ግን መንጋው ሊበላ ወደ ማሳው ሲወርድ እሱ መውረድ አልቻለም፤ ሲበላ ካዩት አበላሉ ያሳጣዋል። ስለዚህ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ሆዱ እየጮኸ፣ አፋፉ ላይ በክብር ተቀምጦ ይውላል፣ ያድራል። በመጨረሻ አሮጊቷ ከገደሉ ሥር መጥታ፣ ቀና ብላ አየችውና እንዲህ አለችው፤

እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፋ። አንቺ ተናደሽ ስትነሺ አባ ደጅይጥኑ ደክሟቸው ነበር። አይዞሽ፣ ለሐኪሙ ቀጠሮ ስመለስ መጨረሻውን እነግርሻለሁ አሉሽ። አልተመለሱም። ፋሲካን አክብረው በሳምንቱ አረፉ። ዜናው ሲመጣ አንቺ ያለቀስሽው ለሳቸው ነው፣ ግን ለተረቱም ነበር፤ ያንን ተረት የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ መጨረሻው አብሯቸው ተቀበረ አልሽን። ወንዳወቅ ትከሻሽን አቀፈ። እኔ የምስር ወጡን አማሰልኩ።

አሁን ልደብቀው የፈለግሁት ቦታ ደርሻለሁ። ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። አልጠፋም።

አባ ደጅይጥኑ ከሄዱ በኋላ፣ ገና ሳያርፉ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ምስር እለቅማለሁ። አንቺ ከውስጥ ከእናትሽ ጋር በስልክ ታወሪያለሽ፤ እንደ ሁልጊዜው በኽምጣና። ድምፅሽን አልቀነስሽም። ለምን ብለሽ ትቀንሺ? ያልሻት ይህ ነው።

እማዬ፣ ዕቃው ምንም አልሆነ። በርኖሱ ነው የሚያፍነው። ከኋላው መተንፈሻ አለው፣ እሱ ሲደፈን ይግልና ራሱን ያጠፋል። እሷ ኪዳን ስትሄድ ቁልፉን እፈታለታለሁ፣ አንዴም ሳይጠፋ ይሠራል። ልትመለስ ስትል መልሼ እቆልፋለሁ። ንገሪያት ትይኛለሽ? ባልሽን ከላዩ ላይ ገፈሽ ጣይው ልበላት? እኔ አልችልም እማዬ። ቀስ ብላ ራሷ ታውቀዋለች።

እናትሽ አንድ ነገር ጠየቀችሽ መሰለኝ። አንቺም፣ ደግ ናት፣ ብቸኛ ናት እንጂ ደግ ናት አልሻት።

ወደ ሰሃኑ ሳይ ጠጠሩን ሰሃን ውስጥ፣ ምስሩን መሬት ላይ ስጥል ኖሬያለሁ።

ተነሥቼ ገብቼ ቁልፉን መፍታት ነበረብኝ። ነገሩ ይኸው ነበር፣ ከዚህ የሚያልፍ አልነበረም። ግን፣ እማ በምን አወቅሽ ብትይኝስ? ማን ነገረሽ ብትይኝስ? ይህንን ሁሉ ጊዜ፣ በሠርጋችሁ ቀን ዘመዶችሽ ሲመርቁ ምን አሉ ብዬ ሰው ሳስተረጉም፣ ወንድምሽ ሊጠይቅሽ መጥቶ ስታወሩ፣ ምነው እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ ወይ፣ በአማርኛ አውሩ ብዬ ስቆጣ… ምን እልሻለሁ?

ስለ አንዲት ልጅ ልንገርሽ። በዚያ በአውራጃው ቢሮ ከገጠር የመጣች፣ ከሁሉም ፈጥና የምትጽፍ ጸሐፊ ነበረች። አንድ ቀን ትልቅ እንግዳ ፊት አንድ ደብዳቤ ጮክ ብላ እንድታነብ ታዘዘች። አነበበች። አማርኛዋ እንደ አገሯ ሰው ነበርና ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እንግዳውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስትወጣ ስትገባ የአነጋገሯን እየደገሙ ያሾፉባት ነበር። ልጅቷ ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆማ እንደ ከተማ ሰው መናገር ተለማመደች። አገሯን ሲጠይቋት የሌላ አገር ስም ተናገረች። ቄስ ስታገባ ባሏን ብቻ አስምላ ነገረችው። እሱ አንድ ልጃችንን ቋንቋሽን አስተምሪው እያለ ለመናት፤ እምቢ አለች። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ነጠላውን ተከናንባ ስለቆየች መውረጃው ጠፋት እንጂ።

በስልክ ከሰማሁሽ በማግስቱ ጉልበቴን አመመኝ። ኪዳን ቀረሁ። በሳልስቱም ቀረሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጧት ጧት ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል በር ላይ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ፈትል ፈተልኩ። ለምን እንደሆነ አሁን አንቺ ታውቂዋለሽ። ቁልፉን ስትፈቺ እንዳላይሽ፣ ካየሁሽ ደግሞ መናገር እንዳይመጣ፣ ወይም ስለ እኔ እንደዚያ በደግነት መናገርሽ አናድዶኝ፣ እኔም እንጃ። ዕቃው በየጊዜው ይጠፋል፣ አንቺ ከስር ከስር ትጽፊያለሽ። ማታ ስትጨርሺ ዘይት አሙቀሽ መጥተሽ ጉልበቴን ታሺልኛለሽ። ያልታመመ ጉልበት። እጅሽ ለስላሳ ነበር። እኔም፣ ወደ ላይ፣ አዎ እዚያ ጋ እል ነበር፤ አፈር ልብላ።

ከዚያ የገብርኤል ዝክራችን መጣ።

ጠላውን አንቺ ነሽ የጠመቅሽው፣ አምሮልሽ ነበር። ማኅበረተኛው ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ እስቲ ያንን የአባ ደጅይጥኑን ተረት አንብቢልን፣ ነፍሳቸውን እናስብበት አሉሽ። ኮምፒውተሩን ከፍተሽ አነበብሽ። ከማኅበረተኛው ግማሹ ቋንቋውን ያውቃል፤ ዝንጀሮው ነጠላውን ሲያስተካክል ሲሰሙ በሳቅ ወደቁ። ለተሥላሴ በጆሮዬ ታስተረጉምልኝ ነበር። ግማሹን ትስተዋለች፤ እኔም አመሰግናታለሁ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን በጥርሴ ይዤው ነበር። ያንን ተረት ሳላውቀው አላደግሁም።

አሮጊቷ ቀና ብላ እንዲህ አለችው የሚለው ላይ ደረስሽና አቆምሽ። ከዚህ በኋላ ያለውን ይህ ዕቃ በላው፣ እሳቸውም የሉም አልሽ። ሁሉም ወደ ዕቃው ዞረ። በዚያው ቅጽበት፣ ሰው ሲያወራበት እንደሰማ ሁሉ፣ ድርግም አለና ዜማውን አሰማ። ለተሥላሴ ተነሥታ እጇን በርኖሱ ላይ አሳረፈች። ኧረ ይህ ነገር ይፋጃል እንዴ፣ ምነው እንዲህ ብታፍኑት ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት።

ቀደምኳት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዕቃው ምን አደረገ፣ ያልቀናው እግር ነው፤ ይህች ልጅ ይህንን ቤት ከረገጠች ጀምሮ የሚበረክት ነገር የለም አልኩ።

ምራቴ፣ ይህን ቃል እዚህ ላይ መልሼ ስጽፈው ጣቶቼ ፊደሉን አጥተውት ነበር።

አንቺ በርኖሱን አየሽ። ከዚያ እኔን አየሽ። አንዲት ቃል ብትተነፍሺ የማፍረው እኔ ነበርኩ። አንቺ ግን ማንቆርቆሪያውን አንሥተሽ ለሁሉም ጠላ ደግመሽ ቀዳሽ፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰስሽም። ለእኔም ቀዳሽልኝ። ወንዳወቅ ተነሥቶ ወጣ። ጧት፣ እናቴን ወገቧን አሟታል ብለሽ ሄድሽ።

የእናትሽ ወገብና የኔ ጉልበት አንድ ዓይነት በሽታ እንደያዛቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ቅድም ጠይቄሽ ያለፍኩት።

አንቺ በሄድሽ ዕለት ቤቱ ባዶ ሆነ። በርኖሱን ከኋላ ፈታሁት። ማታ ሳይዘጋ አድሮ ኖሮ፣ ጀርባውን ስዳብሰው ሌሊቱን ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር ይመስል ነበር። ያችን መተንፈሻ አየኋት፤ የገብረ አምላክ በርኖስ ሱፍ ተነቅሎ ገብቶባት ተወትፏል። በወፍ ላባ ጠረግሁላት። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። እስኪመሽ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ይጥፋ ብዬ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም፤ ጠፍቶ ቢሆን እኮ በአንቺ ላይ የሠራሁት በደል ይቀንስልኝ ነበር። አልጠፋም። ወንዳወቅ መጥቶ ራቁቱን ሲያየው ቆመ። ከዚያ እኔን አየኝ። እህ አለና ጫማውን ሊጠርግ ወጣ።

በማግስቱ አልጋችሁ ሥር ካለው ካርቶን የእጅ ጽሑፍ ረቂቅሽን አወጣሁ። ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ይቅር በይኝ። አሳምነው ያጠፋውን፣ እኔ ያስጠፋሁትን ሁሉ ከአንደኛው ተረት ጀምሬ መጻፍ ያዝኩ። ፊደሉን የት እንደማገኝ ራስሽ ነበርሽ ያሳየሽኝ፤ የፈረንጁን ፊደል ስጫን የእኛው ሲወጣ እንደ ሕፃን የሳቅሁትን ታስታውሻለሽ። የድሮዋ መኪናዬ ቁልፏ ጣት ያደማ ነበር፣ ይህ ቅቤ ነው። ጣቶቼ አልረሱም። ወንዳወቅ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። እራት ላይ፣ ያንን ሁሉ ስትጽፊ የሚለውን ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። ፊደል ፊደል ነው፣ እያየሁ መገልበጥ ነው አልኩት። ለሱ ገና አልነገርኩትም። አስቀድመሽ አንቺ ልትሰሚው ይገባል።

ተረቶቹን በሙሉ በወረቀት አሳትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የሚያደርስልሽ ደግሰው ነው፣ ያ ወደ ኒሯቅ እህል የሚጭነው ሾፌር። ወሬኛ ነው፤ ፖስታውን ሰፍቼዋለሁ፣ ስፌቱ ተፈትቶ ብታገኚው ንገሪኝ። ለመጽሐፉ የተሰጠሽ ቀን ሰኔ መጨረሻ ነው ብለሽኝ ነበር። ገና አላለፈም። ወደ ቤት ብትመለሺም ባትመለሺም እንዲያልፍሽ አልፈልግም። ነይልኝ የማለት ፊት የለኝም። ቤቱ ግን የአንቺ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ያዋረድኩሽን፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ለመመለስ ለሰኔ ገብርኤል ማኅበረተኛውን ቤቴ ጠርቻለሁ። አንቺ ኖርሽ አልኖርሽ እናገረዋለሁ፤ በርኖሱንም፣ ሌላውንም። ለተሥላሴ ከወዲሁ፣ ምን ልትነግሪን ነው እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ትጠብቅ።

የጻፍሽውን ሁሉ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ፍየሏና ጅቡ የሚለው ላይ ብቻ አንዲት ቃል ለውጫለሁ፤ በዝቋላ እንደዚያ አይባልም፣ ሽማግሌ ቢሰማ ይስቅብሻል። የዝንጀሮው ግን መጨረሻ አልነበረውምና፣ እናቴ ትነግረኝ እንደነበረው አድርጌ ጨርሼዋለሁ። ከአባ ደጅይጥኑ የሚለይ ከሆነ እግዚአብሔር እሳቸው ባሉበት ይፍረድብኝ። እንዲህ ነው።

አሮጊቷ ከገደሉ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችው። ዝንጀሮው ልትሰድበኝ ነው ብሎ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ሳበ። እሷም፣ ነጠላው አምሮብሃል፣ ይሁንልህ፤ አንተ ግን ርቦሃልና ውረድና ብላ አለችው። ዝንጀሮውም ወረደ።

እናቴ እዚህ ስትደርስ እጄን ይዛ፣ ወረደ፣ ወረደ እያለች በክንዴ ላይ በጣቶቿ ትወርድ ነበር። ይህንን እንኳ መጽሐፉ ውስጥ አታስገቢው፣ ለአንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት።

በርኖሱን መልሼ ገጣጥሜዋለሁ። ስፌቱ ይታያል፣ ይታይ። እየጻፍኩልሽ ያለሁት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ነው፤ ጧቱ ቀዝቅዟል፣ ገብረ አምላክም እንዲህ ቢሆን ይመርጥ ነበር።

ልትደውዪልኝ ከፈለግሽ፣ ለእናትሽ በምትደውዪበት ቋንቋ ደውዪልኝ። ቶሎ ባልመልስልሽ ስልኩን እንዳትዘጊው። ዝገቱን እስካራግፍ ነው።

እግዚአብሔር ዘይት ያሞቀ እጅሽን ይባርክልኝ። ክፉ ቃሌ ከእግርሽ ይውረድ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ የጻፍሽው አይጥፋ። የእናትሽን ወገብ አድኖ፣ የእኔን አፍ አድኖ፣ በሰላም ያገናኘን።

ጨረስኩ። እስካሁንም አልጠፋም።

አማትሽ
የዝቋላዋ